የዋስ ስም

እመለሳለሁ ብሎ የተመለሰ ሰው፣ እቆያለሁ ብሎ ለመፈረም ለምን ይከብደዋል? ጸጋአብ ይህን ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዞት ዞሯል፤ መልሱን ግን ያን አርብ ጠዋትም አላገኘውም ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ቀን ወንበር ማታ አልጋ በሆነው ሶፋ ላይ ተጋድሞ የውኃ ድምፅ ያዳምጣል። እነሱ በሚኖሩበት የጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውኃ የሚወጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለዚያውም ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። ስለዚህ አርብ አርብ የእህቱ ባል ቃለሕይወት ቀድሞ ይነሳና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሰባቱን ጀሪካን በየተራ ይሞላል። የውኃው ጩኸት ልቡን ይሞላለታል መሰል፣ ሰው እንዲሰማው የማይፈልገውን ስልክ የሚደውለውም ያኔ ነው። ያን ዕለትም ያወራ ነበር። ቃሉ አይለይም፤ ጉምጉምታው ብቻ ይሰማል። ድንገት ውኃው ቀጥ አለና ድምፁ ብቻውን ቀረ።

«…የጸጋአብን ነገር ተወው፤ እሱ መቼ የሚቆይ ሰው ነው? ዶርቃ ፈርማልሃለች፣ ደብዳቤው ትናንት ወጥቷል፣ አለቀ።»

ቃለሕይወትም ዝምታውን ሰማው። ሳል አለ፣ ጀሪካኑን በእግሩ ገፋ አደረገና «በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ። ጸጋአብ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ የተኛ መሰለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት የተኛ መምሰል ምን ያህል እንደሚያሳፍር የገባው ዓይኑን ከጨፈነ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሚሠራበት ባንክ በዓመት ለጥቂት ሠራተኞች የሁለተኛ ዲግሪ ወጪ ይከፍላል። የተመረጠው ሰው ተምሮ ሲጨርስ አራት ዓመት ያገለግላል፤ ሳያገለግል ከጠፋ ደግሞ ወጪውን የሚከፍል ዋስ አስቀድሞ ማቅረብ አለበት። ዋስ የሚሆነው ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ ያጽፋል። መሥሪያ ቤት ደግሞ ለአንድ ሠራተኛ ሁለት ደብዳቤ አይጽፍም። በመምህርነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየችው እህቱ ዶርቃ በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንድ ደብዳቤ ነው፤ እሱንም አሁን የባሏ ወንድም ኤልያቄም ይዞታል። ኤልያቄምን አንድ የጭነት ድርጅት በሹፌርነት ሊቀጥረው ዋስ አምጣ ብሎታል። የጸጋአብ ቀነ ገደብ ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።

ማዕድ ቤት ሲገባ ዶርቃ ቆማ ሻይ ትቀዳለች፤ በግራ ብብቷ ሥር ያልታረሙ የፈተና ወረቀቶች ይዛለች። ከእሱ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጣለች። አባታቸው ሆሳዕና ውስጥ ሲሞት እሱን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይዛ አዲስ አበባ ያመጣችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤት ካርዱ ላይ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ ሁሉ የፈረመችውም እሷው፤ ቻይና፣ ሃርቢን ለመማር ሲሄድም፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመለስም፣ አውሮፕላን ጣቢያ የቆመችው እሷው። ቅጹ ፍሪጁ ላይ፣ ከሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ሥር ነበር። ጸጋአብ ከሁለት ሳምንት በፊት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞልቶ «የዋስ ስም፦ ዶርቃ ላምቤቦ» ካለ በኋላ የፊርማዋን ቦታ ብቻ ባዶ ትቶ እዚያ አስቀምጦታል። ቆርቆሮው በየቀኑ ይነሳል፣ ይቀመጣል፤ ቅጹ ግን ከሥሩ አልተንቀሳቀሰም። አይታዋለች ማለት ነው። ዝም ማለቷን እሺ እንዳለች ቆጥሮት ከረመ።

«ዳቦው ትኩስ ነው» አለችው።

«እሺ።»

ቃለሕይወት ፀጉሩ እንደራሰ መጥቶ ተቀመጠ፤ ዳቦውን ቆርሶ ከሁለቱም ፊት አኖረ። «ዛሬ አምስት ጀሪካን ብቻ ነው የሞላሁት፤ ውኃው ሳይታሰብ ሄደ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «አዎ፣ ሰማሁ» አለ ጸጋአብ። ሦስቱም ሻያቸውን ፉት አሉ። ዶርቃ ወረቀቶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እሱ ቅጹን ከቆርቆሮው ሥር መዝዞ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ስትሄድ እጁን አየችው፤ የሆነ ነገር ልትል የፈለገች መሰለውና ጠበቀ። «ጃኬት ልበስ፣ ብርድ አለ» ብላ ወጣች።

ከብሎካቸው ሥር ዙሌካ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ትደረድራለች። «ባንኩ!» ብላ ጠራችው ገና ደረጃውን ሳይጨርስ። «ያ ማሽንህ እንዴት አደረ?» በየቀኑ ይህንኑ ነው የምትለው፤ በየቀኑም ይስቃል፣ ከሳቁ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። ጸጋአብ በባንኩ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ካሉት አምስት ሰዎች ጋር ሆኖ ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ በስልክ ብድር የሚሰጥ ፕሮግራም ሠርቷል። ማሽኑ የሰውየውን የስልክ አጠቃቀምና የገንዘብ ዝውውር አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከአምስት መቶ በላይ ያገኘ ይበደራል። ሥራው ሲጀመር ዙሌካን አባብሎ ያስመዘገባት እሱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛ መደብ ለመከራየት ሃያ ሺህ ብር ጠየቀች። መልሱ በግማሽ ደቂቃ መጣ፤ «ይቅርታ፣ ለጊዜው ብቁ አይደሉም» ይላል። «ለምን?» አለችው። ቢሮ ገብቶ አየው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩ ይታያል፣ ምክንያቱ አይታይም። አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ የብድር ክፍሉን ሰዎች ጠየቀ፤ «ማሽኑ የእናንተ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን» አሉት። ሦስተኛ ፎቅ ወርዶ የራሱን አለቃ ጠየቀ፤ «ደንቡ የእነሱ ነው፣ እኛ የጻፍነው ኮዱን ነው» አለው። ዙሌካ በሦስተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መሀል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የቀረች ትመስለው ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ቦታ፣ በዝናብም በፀሐይም ሳትጎድል የነገደች ሴት ለምን እንደማትታመን የሚያውቅ አንድ ሰው ሕንፃው ውስጥ አልነበረም። ሁለቱን የሚያጣምር ትምህርት፣ ገንዘቡንም ማሽኑንም፣ የፈለገው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ያን ቀን ማታ ተበሳጭቶ ሁለት ማመልከቻ ጻፈ። አንዱ አዲስ አበባ በቅርቡ የተከፈተ የማታ ትምህርት ነው፤ ባንኩ ይከፍላል። ሌላው ሃርቢን ነው፤ ሙሉ ወጪው ይቻላል፣ ዋስም አይጠየቅበትም። ዋስ አለመጠየቁ ደስ አሰኝቶት ነበር። ቆይቶ ሲያስበው ግን፣ እዚያ ዋስ ያልተጠየቀው ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ነው።

«ማሽኑ ደህና ነው» አላት ዙሌካን።

«ደህና ከሆነ ለኔ የታመመው ለብቻዬ ነዋ!» ብላ ሳቀች፣ ወዲያውም ለደንበኛ ዞረች። «ዘጠና ነው ኪሎው፣ እማማ፤ ሰማንያ አምስት ለርስዎ።»

ሳር ቤት ቢሮው ሲደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ውብነሽ ክፍል በፋይል ታጭቆ የሚቀመጡበት ወንበር ብቻ ነው ባዶው፤ እንግዳ ቆሞ ነው የሚያነጋግራቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ከመሳቢያቸው ቆሎ እየቆነጠሩ ይበላሉ፤ ለሚወዱት ሰው መሳቢያውን ከፈት አድርገው ይተዉለታል። ለጸጋአብ ከፈት አደረጉለት።

«ቻይና! አመጣኸው?» አሉት። ከተመለሰ ወዲህ በሕንፃው ውስጥ የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

ቅጹን ሰጣቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ይኸው፣ የትምህርት ዘርፍ። ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ ፋይናንስ፣ ቴክኖሎጂ። አንተ ሁለቱንም ባዶ ትተሃል።»

«ሁለቱን የሚያጣምር ነው የምማረው፣ እትዬ ውብነሽ።»

«ሁለቱን የሚያጣምር ሳጥን የለማ።» እስክሪብቶ አነሱ፤ ከሁለቱ ሳጥኖች ጎን በእጃቸው ሦስተኛ ትንሽ ሳጥን ሣሉና ውስጧ ምልክት አደረጉባት። «ይኸው ሠራሁልህ። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ማን ይናገረኛል? ዋሱን ግን አልሠራልህም። ፊርማ የለም፣ ደብዳቤም የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ከዚህ ክፍል ይወጣል፤ ከወጣ አልመልሰውም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እህትህ አይደለችም እንዴ? ምን ይከብዳታል?»

«ምንም» አለ። «ዛሬ ትፈርማለች።»

ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር። ወረድ ብሎ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለችው ኮፒ ቤት ቅጹን በአምስት ብር ኮፒ ሲያስደርግ ነው የከበደው። ባለቤቱ ወረቀቱን ከማሽኑ ሲያነሳ የዋሱን መስመር አየና «ፊርማ ቀርቷል፣ ወንድሜ» አለው፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «ዋስ የጠፋበት ሰው ፊቱ ያስታውቃል። አሥራ ስምንት ሺህ ነው። ቋሚ ሠራተኛ፣ ንጹሕ ማኅተም፣ ከሰዓት በፊት ይደርስልሃል» አለ። ጸጋአብ ሰውዬውን ማየት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። «ምን ያደርግልሃል? እሱም አንተን አያይህም።» «ብጠፋስ?» «ከጠፋህ እሱም ጠፍቷላ!» ብሎ ሳቀ ባለ ኮፒ ቤቱ። ጸጋአብ እምቢ አላለም፤ ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማያውቁትን ሰው በዋጋ የሚያምን ማሽን ሲሠራ ኖሮ፣ ያው ማሽን ጺሙን ሳይላጭ ከኮፒ ማሽን ጀርባ ቆሞ ያነጋግረዋል። ከዚያ የጠዋቱ ቃል ትዝ አለው፤ «እሱ መቼ የሚቆይ ሰው ነው?» የማያውቀውን ሰው ፊርማ ከገዛ ቃለሕይወት እውነቱን ነው ማለት ነው። አምስት ብሩን ከፍሎ ወጣ፤ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ ወደ ነፋስ ስልክ ታክሲ ተሳፈረ።

የዶርቃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከጽዱ ሥር ያለች አግዳሚ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቃት። ልጆች ሰማያዊ ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ኳስ ይራገጣሉ። ከአንዱ ክፍል የእሷ ድምፅ ይሰማል፤ «አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» እያለች ትጠይቃለች፤ ክፍሉ ደግሞ ግማሹ «ይበልጣል!» ግማሹ «ያንሳል!» ብሎ ይጮኻል። ጸጋአብ በአእምሮው ንግግሩን አዘጋጀ፤ ያሳደገችው ወንድሟ መሆኑን፣ ኤልያቄም የእሷ ሥጋ አለመሆኑን፣ የባል ወንድም ከእናት ልጅ እንዴት እንደሚቀድም። ቃላቱ በደንብ ተሰድረው ነበር። ደወሉ ሲደወል እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ ይዛ ወጣች፤ ስታየው ደነገጠች።

«ምነው? ታመምክ?»

«አልታመምኩም።» ተነሣላት፤ ተቀመጠች። የተሰደሩት ቃላት ሁሉ ጠፉ። «እትዬ፣ ለኤልያቄም ፈርመሻል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ውኃው ቆሞ ነው።»

ወዲያው ገባት። የጠመኔውን ብናኝ ከጣቶቿ ላይ አንድ በአንድ አራገፈች። «ፈርሜያለሁ» አለች።

«ቅጹ እኮ ሁለት ሳምንት ፍሪጁ ላይ ነበር።»

«አይቼዋለሁ። በየጠዋቱ አየው ነበር። የእጅ ጽሑፍህ አምሮበታል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ የጠበቀው ኀፍረት አልነበረም። «እሁድ ከአምልኮ በኋላ እነማን መጡ?»

አሰበ። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ኤልያቄም መጥተው ነበር። ጨብጧቸው፣ ለስላሳ ከፍቶላቸው፣ ስልኩን እያየ ወደ ውጭ ወጣ።

«ለምን መጡ ብለህ አልጠየቅክም» አለች። «ኤልያቄም ቤቴን ያውቀዋል፤ ምግቤን በልቶ ነው ያደገው። ግን ዋስ ሲፈልግ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ቆሞ ጠየቀኝ። የሦስቱን ልጆቹን ስም እየጠራ፣ ብሳሳት አንቺ ትከፍያለሽ፣ ያን አውቄ ነው የምጠይቅሽ አለኝ። አንተ ስሜን ራስህ ጻፍክልኝና ሻይ ቅጠሉ ሥር አስቀመጥከው። አራት መቶ ሺህ ብር እኮ ነው፣ ጸጋ። ከትምህርት ቤት ካርድ ጋር አመሳሰልከው?»

ትክክል ነበረች፤ ከካርድ ጋር ነው ያመሳሰለው። «ሥጋሽ አይደለሁም?» የሚለው ግን አመለጠው፤ ሲያመልጠውም እንዳነሰ ታወቀው።

«ሥጋዬ ስለሆንክ ነው የጠበቅኩህ» አለች። «ከሽማግሌዎቹ በፊት ነው የጠበቅኩህ። የልጆቹን ውጤት በአንተ ኮምፒውተር ስሞላ ደብዳቤ መጣ፤ በቻይንኛ ነው። ጽሑፍን በስልክ ካሜራ መተርጎም ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? አነሳሁት። እንኳን ደስ ያለዎት ይላል፤ መስከረም ላይ ይምጡ ይላል። በቃ ዛሬ ይነግረኛል አልኩ። ነገ አልኩ። ዳቦ ሲቆርስ ይነግረኛል አልኩ። ቃለሕይወት እንኳ ሲጠይቀኝ፣ ራሱ ይንገረን አልኩት።»

«አልወሰንኩም ነበር፣ እትዬ። እውነቴን ነው።»

«እኔም አልወሰንኩም ነበር፤ እስከ እሁድ።»

ኳሱ እግራቸው ሥር ተንከባሎ መጣ፤ ዶርቃ በጫማዋ ጫፍ መለሰችላቸው። ከዚያ በአስተማሪ ድምፅ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንደማይደግም ሰው ተናገረች፤ «ኤልያቄም ደብዳቤውን የሚያስገባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዳይሬክተራችን ደግ ሰው ነው፤ ያኛው ከተመለሰለት በአንተ ስም ይቀይርልኛል። አንተ ራስህ ደውለህ ለምነው። ከለቀቀልህ እፈርማለሁ። ግን መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ። ትቆያለህ?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት። ሃርቢን ሆኖ እመለሳለሁ ሲል አልከበደውም ነበር፤ መመለስ ትኬት ይቆረጥለታል፣ ሻንጣ ይታሰርለታል፣ አንድ ቀን አለው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠበት ወንበር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚዘጋበት በር፣ ሶፋው፣ ጀሪካኑ፣ «ቻይና» የሚለው ስም በፊቱ ተሰለፉ። አራት ዓመት፣ ሲደመር ሁለት የትምህርት፣ ስድስት። እዚያ የቆየውን ያህል። «እትዬ፣ ሥራው እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ሥራውን አልጠየቅኩህም» አለች።

ደወሉ ተደወለ። ጥቂት ቆማ ጠበቀችው፤ ልጆቹ ሁሉ ገብተው ግቢው ጭር እስኪል ቆመች። ከዚያ ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ለኤልያቄም የደወለው ብዙ ከተንከራተተ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ስልኩ ሁለቴ ሳይጮኽ ተነሣ። ከበስተጀርባው የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል፤ ከፉሪ በጠዋት ወጥቶ ድርጅቱ በር ላይ ተራ ይዟል። ጸጋአብ «ደህና ዋልክ» ከማለቱ ኤልያቄም ቀደመው፤ «ጸጋዬ! ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ እኔ ልደውልልህ ስል አፍሬ ነው እንጂ። ዶርቃ ነግራኛለች። ጸጋአብም ዋስ ያስፈልገዋል ስትለኝ፣ በዚያው ቅጽበት እንግዲያው ይቅርብኝ፣ የእናትሽ ልጅ ይቅደም አልኳት፤ ሽማግሌዎቹ ምስክር ናቸው። እሷ ምን አለች መሰለህ? ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ፣ ቀድሞ ለጠየቀ ሰው የተሰጠውን ጸጋአብ አይቀማም፣ ለዚህስ ዋሱ እኔ ነኝ አለች። በእግዚአብሔር ስም እነግርሃለሁ፣ አለቀስኩ። ስምንት ወር ሥራ ፈትቼ ነው እኮ የከረምኩት። ሃሎ? ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ።»

«ምን ፈልገህ ነበር?»

ጸጋአብ የአጥሩን ቆርቆሮ በጥፍሩ ፋቀ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ያላት ብሎ አስቦ ነበር፤ ለካ በቃሏ ለእሱም ዋስ ሆናለች። «ምንም» አለ። «ደብዳቤውን አስገባህ ወይ ብዬ ነው። መንገዱን ጌታ ያቅናልህ።»

«አሜን! አሜን!»

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ወይዘሮ ውብነሽ ፊት ቆመ። ቅጹን ሲሰጣቸው በዋሱ መስመር ላይ የነበረው የዶርቃ ስም በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ የሰረዘው ራሱ ነው፣ ታክሲ ውስጥ። አዩት። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም፤ መሳቢያውን ግን ከፈት አደረጉ። አንድ ቁንጥር ቆሎ አነሣ፣ ሳይበላው በመዳፉ ያዘው። «ለከርሞ ደግሞ አለ» አሉ። «ከርሞ እኔ እዚሁ ነኝ። አንተስ?» ቀጠሉም፤ «ትምህርቱ እንደሆነ የማታ ነው፤ በራሱ ከፍሎ ለሚማር ምዝገባው እስከ ረቡዕ ክፍት ነው። በየሴሚስተሩ ይከፈላል። ደሞዝህ ይቆነጠጣል እንጂ አትሞትም። ያን ጊዜ ደግሞ ሳጥንም ዋስም የሚልህ የለም።» በእጃቸው የሣሏትን ትንሽ ሳጥን አንዴ አይተው ቅጹን ለሁለት አጥፈው መለሱለት። ዝርዝሩ በሰዓቱ ከክፍሉ ወጣ።

ወደ ጎፋ ሲመለስ ታክሲው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጎን ተጣብቦ፣ ለሃርቢኑ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ፣ ዘንድሮ አልመጣም፣ ቦታውን ለሌላ ስጡት። እንደገና አነበበው፤ ላከው። መልሱ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የመለሰለት በራሱ የሚጽፍ ማሽን ነው። «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ይላል። ከሸክም የተገላገለ ሰው የሚሰማው አልተሰማውም። እንዲያውም ወራጅ ብሎ ከወረደ በኋላ መንገዱ ላይ ሁለቴ ዞሮ ታክሲውን አየው።

ዙሌካ ጃንጥላዋን እያጠፈች ነበር። አጠገቧ ቆሞ የተረፈውን ቲማቲም ወደ ካርቶን ሲያስገባላት በጥርጣሬ አየችው። «ምን በደልክ ዛሬ?» አለችው።

«ያንን ‹ለምን?› ብለሽ የጠየቅሽኝን» አላት፣ «እስካሁን አላውቀውም። ልማር ነው። ስማር እነግርሻለሁ።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓመት!» ብላ ጭኗን መታች። «ቲማቲሙ ይጠብቀኛል ብለህ ነው?» ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለት ኪሎ መዝና በፌስታል አድርጋ ሰጠችው፤ «ለዶርቃ ስጣት። ጠዋት ሳትገዛ ነው የሄደችው፣ ፊቷም ጥሩ አልነበረም።»

ደረጃው ሥር፣ ቆጣሪዎቹ ከተደረደሩበት ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ስልኩን አወጣ። «እትዬ፣ ማታ ማታ እዚሁ ልማር ነው፤ በራሴ እከፍላለሁ፣ ዋስ አያስፈልገኝም» ብሎ ጻፈ። ሲያነበው ሁለተኛው ግማሽ ይናከሳል፤ ሰረዘው። «ለኤልያቄም ደውዬ ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ያም ምስጋና ፍለጋ መሰለው፣ ሰረዘው። «ይቅርታ» ብሎ ጻፈና ይቅርታ በስልክ እንደማይጠየቅ ዛሬ ገና እንደተማረ አስታወሰ። በመጨረሻ የቀረው ቀን የጠየቀችው አንድ ቃል ነው። «እቆያለሁ።» ከላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የማዕድ ቤቱ መብራት በርቷል፤ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ሃምሳ አራት ደረጃ ወጥቶ በአፉ ሊነግራት ይችላል። ጣቱ ቀደመው፤ ላከው።

ሲገባ ቲማቲሙን ተቀበለችው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው ጎን በጀርባው ተኝቷል። ቃለሕይወት ኤልያቄም ሰኞ ሥራ እንደሚጀምር፣ የመጀመሪያ ጉዞውም ወደ ሞጆ እንደሆነ ነገረው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ አላቸው። ዶርቃ ቲማቲሙን አጥባ ከተፈች፣ ጨው ነሰነሰች፣ መጀመሪያ ለእሱ አቀረበች። ሲበላ ስልኩን ከጠረጴዛው በታች አንድ ጊዜ አየው፤ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀና ሲል እሷ ወረቀቶቿን ማረም ጀምራለች። ፍሪጁ ላይ ከሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ሥር ምንም የለም። ረቡዕ ሄዶ ተመዘገበ፤ ደረሰኙን ዘርግቶ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተወው፣ እሷም ስታጸዳ አንሥታ አቧራውን ጠርጋ እቦታው መለሰችው። ቀናት አለፉ፤ ዳቦው ትኩስ ነው፣ ጃኬት ልበስ፣ ውኃው መጣ እያሉ አወሩ። ያ አንድ ቃል ግን በአፉ ሳይነገር፣ ከሥሩም መልስ ሳይጻፍለት፣ ስልኩ ውስጥ እንደተላከ ቀረ።